ፕሮግራሙ «በ7 ንዳ» ሲል ስንት ማለት ነው? ያለ ልብ ምት ቀበቶና ያለ ፓወር ሜትር ጉልበትን በስሜት መመጠን

ካቴና11 (ጠያቂ)፦

ሰላም ለሁላችሁ። የያዝኩት የ8 ሳምንት የሳይክል ፕሮግራም በዋትም (ፓወር ሜትር ሳይክሉ ላይ ሆኖ በሚለካው የግፊት ጉልበት) በልብ ምትም አልተጻፈም፤ ሁሉንም በድካም ስሜት ቁጥር ነው የሚያዘው። ማክሰኞ «4 ጊዜ 8 ደቂቃ በ7፣ በመሃል 3 ደቂቃ በ2»። ቅዳሜ «3 ሰዓት በ3»። ሳይክሉ ላይ ያለው ፍጥነትና የፔዳል ዙር የሚያሳይ ተራ ኮምፒውተር ነው።

ያልገቡኝ ነገሮች እነዚህ ናቸው። አንዱ ጋ ከ6 እስከ 20 የሚሄድ ስኬል አያለሁ፣ ሌላው ጋ ከ0 እስከ 10፣ ሌላው ጋ ከ1 እስከ 10፤ አንድ ናቸው? 3ን ከ4 በምን ልለየው? የማክሰኞው ሥራ የመጀመሪያው 8 ደቂቃ ይቀላል፣ ሦስተኛው ላይ እግር እምቢ ይላል፣ አራተኛው አያልቅም፤ ለምን? ዳገት ላይ ደግሞ ጭን እየተቃጠለ ትንፋሽ ግን የተረጋጋ ይሆናል፤ ያ ስንት ተብሎ ይጻፋል?

«ፓወር ሜትር ግዛ» የሚለውን መልስ አውቀዋለሁ፤ እሱን ዝለሉልኝ።

ዳገትና ሜዳ፦

ከስኬሉ እንጀምር፤ ግማሹ ችግር እሱ ነው። ሦስቱ አንድ አይደሉም።

ከ6 እስከ 20 ያለውን ያወጣው ስዊድናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጉናር ቦርግ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ። ከ6 መጀመሩ ግራ ያጋባል፤ ምክንያቱ ግን ቀላል ነው። ቁጥሩ በ10 ሲባዛ የጤነኛ ወጣት ልብ ምት እንዲጠጋ ነው፦ 6 እረፍት ላይ 60፣ 20 ጣሪያው ላይ 200። ዕድሜ ሲጨምር የልብ ምት ጣሪያ ስለሚወርድ ማባዛቱ ለ50 ዓመት ሰው አይሠራም፤ ቃላቱ ግን ይሠራሉ። 9 በጣም ቀላል፣ 11 ቀላል፣ 13 ከበድ ያለ፣ 15 ከባድ፣ 17 በጣም ከባድ፣ 19 እጅግ በጣም ከባድ።

ከ0 እስከ 10 ያለውም የራሱ የቦርግ ነው፣ በኋላ የሠራው፤ ሲአር10 ይባላል። እዚህ 3 መካከለኛ፣ 5 ከባድ፣ 7 በጣም ከባድ ነው። ልብ በል፦ «ከባድ» የሚለው ቃል ገና ግማሹ ላይ ነው የተቀመጠው። ላይኛው ግማሽ የተተወው በከባድና በእጅግ ከባድ መካከል ላለው ሰፊ ልዩነት ነው።

ከ1 እስከ 10 ያለው ባለቤት የለውም። ጂምና የሳይክል ፕሮግራሞች ውስጥ የሚዞረው እሱ ነው፤ 10 ያለህን ሁሉ፣ 7 እና 8 አንድ ሰዓት ገደማ ተጨንቀህ የምትይዘው ጉልበት። ይህንኑ ጉልበት በሲአር10 የሚመዝን ሰው 5 ወይም 6 ይለዋል። ስለዚህ ሁለት ሰዎች «በ7» ብለው ሁለት የተለያየ ሥራ ሊሰጡህ ይችላሉ። ፕሮግራሙን የጻፈውን ሰው የትኛውን እንደተጠቀመ ጠይቀው። ስትመዝንም መጀመሪያ ቃሉን ምረጥ፣ ከዚያ ቁጥሩን። ከቁጥር የጀመረ ሰው ፕሮግራሙ ያዘዘውን ቁጥር ነው ለራሱ የሚሰጠው፤ «7 ተብሏል፣ እንግዲህ ይህ 7 ነው» ይላል።

ትንፋሽ፦

3ን ከ4 የምትለየው በጭን ሳይሆን በትንፋሽ ነው። ከዚህ በታች የምጠቅሰው ከ1 እስከ 10 ባለው ስኬል ነው።

መንዳት ላይ ሁለት ገደቦች አሉ። የመጀመሪያው ትንፋሽ ከጉልበቱ ጭማሪ ቀድሞ መፍጠን የሚጀምርበት ነው፤ ከሱ በታች ለሰዓታት ትሄዳለህ። ሁለተኛው ትንፋሽ ከቁጥጥር መውጣት የሚጀምርበት ነው፤ ከሱ በላይ ጊዜህ በደቂቃ ይቆጠራል። የቅዳሜው 3 ከመጀመሪያው ገደብ በታች መሆን አለበት፣ 4 ገደቡን ይነካል፣ የማክሰኞው 7 ሁለተኛውን።

ገደቡን ለማግኘት በንግግር መፈተን ይበቃል። ለዚህ የፊደል ገበታ የተመቸ ነው፤ ምን ልበል ብለህ አታስብም፣ ርዝመቱም አይለዋወጥም። ከሀ እስከ ሆ አንድ ረድፍ፣ ሰባት ድምፅ። ሳትቸኩል፣ ሰው እንደምታናግር ጮክ ብለህ በለው፣ በአንድ ትንፋሽ ስንት ረድፍ እንደወጣ ቁጠር። ማሟሟቂያ ላይ አራትና አምስት ረድፍ ይወጣል፣ ከዚያም በኋላ አየር አትናፍቅም። 3 ላይ ሦስት ገደማ። 4 ላይ ሁለት ትላለህ፣ ቀጥሎ ግን አንድ ሁለት ጊዜ በአፍህ አየር መሳብ ትፈልጋለህ። 7 ላይ አንዱ ረድፍ «ሄ» ላይ ሲደርስ ይቆረጣል። የረድፉ ብዛት ከሰው ሰው ስለሚለያይ የራስህን ያዝ። ዋናው ፈተና ከተናገርክ በኋላ ራስህን የምትጠይቀው ነው፦ ተመችቶኝ ነው የተናገርኩት? «አዎ» ካልክ ከመጀመሪያው ገደብ በታች ነህ። «አዎ፣ ግን…» ካልክ ገደቡ ላይ ወይም ትንሽ አልፈህ ነህ፤ የቅዳሜውን ከሆነ ቀንስ። «አይ» ካልክ ሁለተኛውን አልፈሃል። ንግግሩ ራሱ ትንፋሽ ስለሚያዛባ በየደቂቃው አትፈትን፤ በ15 ደቂቃ አንዴ ይበቃል።

አንድ ቀን መድበህ ስኬሉን ከጊር ጋር አስተሳስረው። ያረፍክበት ቀን ይሁን፣ ቡና ሳትጠጣ፣ ከምግብ በኋላ 3 ሰዓት ያህል ቆይተህ። ኋላ ጎማ የሚታሰርበት የቤት ውስጥ ትሬነር ካለህ እሱ ይሻላል፤ ከሌለ ቁልቁለቱና ዳገቱ የማይቀያየር፣ መኪና የማይበዛበት መንገድ። 15 ደቂቃ አሟሙቅ። ከዚያ ፔዳሉን በደቂቃ ከ85 እስከ 90 ዙር ይዘህ በየ3 ደቂቃው ኋላ ያለውን ጊር በአንድ ደረጃ አክብድ። በየደረጃው 2 ደቂቃ ከ30 ላይ ፊደሉን በል፣ ቃሉንና ቁጥሩን ስልክ ላይ ቅዳ። አንድ ረድፍ መጨረስ ሲያቅትህ አቁም፤ እስክትወድቅ መሄድ አያስፈልግም። በመጨረሻ እጅህ ላይ የሚቀረው «50 በ19፣ 88 ዙር፣ 3» (ፊት 50 ጥርስ፣ ኋላ 19 ጥርስ፣ በደቂቃ 88 ዙር፣ የድካም ቁጥር 3) የሚመስል ዝርዝር ነው። ትሬነር ላይ ይህ የዋትን ቦታ ይተካልሃል፣ የጎማው አየርና ጎማው ላይ የሚጫነው የትሬነሩ ሮለር ጥብቀት ሁሌም አንድ እስከሆነ ድረስ። አየሩን ሳትለካ ሁለት ሳምንት ብትቆይ ያው ጊር ሌላ ክብደት ይሆናል። ጎማውም ሮለሩም ሲሞቁ ክብደቱ ስለሚለወጥ ከመጀመሪያው 10 ደቂቃ ምንም አትጻፍ።

ካቴና11፦

የፊደሉ ነገር ግልጽ ነው፣ አመሰግናለሁ። የ4 ጊዜ 8 ደቂቃው ጉዳይስ? ገደቡን ባውቀውም መጀመሪያ ላይ ቀላል መስሎ መታየቱ አይቀርም።

ሮለር፦

አይቀርም። የመጀመሪያው የሚቀለው ግን ሥራው ቀሎ አይደለም። ጡንቻ የኦክስጅን አጠቃቀሙን ወደሚፈለገው ልክ ለማድረስ ሁለት ሦስት ደቂቃ ይፈጅበታል። እስከዚያ ክፍተቱን የሚሸፍነው ጡንቻ ውስጥ የተከማቸው ፎስፎክሬአቲንና ያለ ኦክስጅን የሚመረተው ኃይል ነው። ትንፋሽም እንደዚያው ዘግይቶ ነው የሚነሳው። አንደኛው ደቂቃ ላይ «7 ነው» ብለህ የያዝከው ጊር አምስተኛው ደቂቃ ላይ 9 ሆኖ የሚመጣው ለዚህ ነው። የልብ ምት ቀበቶ ብታደርግም አያድንህም፤ እሱም በዚያው መጠን ነው የሚዘገየው። ብዙ ሰው ቀበቶውን እያየ «ገና አልደረሰም» ብሎ ይጨምርና ያኔ ይበላሻል።

ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ደቂቃዎች ስሜትን አትጠይቅ፣ ጊሩን እመን። «ትንፋሽ» ከላይ የጻፈልህን ዝርዝር ከሠራህ 7 ያልከውን ጊር ያዝ፣ የፔዳሉን ዙር ግን በደቂቃ በ3 ቀንሰህ ጀምር። ሁለተኛው ደቂቃ ላይ «ይሄማ 6 ነው» ማለት አለብህ። እስከ ሦስተኛው ደቂቃ ጊር አትንካ። አራተኛውና ሰባተኛው ደቂቃ ላይ ጠይቅ። አንደኛው ዙር (የመጀመሪያው 8 ደቂቃ) 7 ላይ ካለቀ፣ ሁለተኛው 7 ተኩል፣ ሦስተኛው 8፣ አራተኛው 8 ተኩል ወይም 9 ላይ ያልቃል። ጊሩና የፔዳሉ ዙር በአራቱም ያው ነው፤ የሚወጣው ቁጥሩ ነው። ቁጥሩን በአራቱም ዙር 7 ላይ ብታስረው ጉልበቱን እየቀነስክ ነው የምትሄደው፣ ምክንያቱም ድካም ይጠራቀማል።

ሁለተኛው ዙር መሃል ላይ 9 ካልክ ወይም በያው ጊር የፔዳል ዙርህ ከ88 ወደ 78 ከወረደ ወዲያው ጊሩን አንድ ደረጃ አቅልል። አቅልለህም 9 ከሆነ የዕለቱ ሥራ አብቅቷል፤ ቀሪውን በ2 ንዳ። እረፍቱም ላይ ስህተት ይሠራል። 3 ደቂቃ በ2 ማለት ፔዳሉ እየዞረ ካቴናው ላይ ጫና የሌለበት ነው። ቆሞ መሪ ላይ መደፋትም፣ «ጊዜ አላባክንም» ብሎ በ4 መንዳትም ሦስተኛውን ዙር ይበሉታል።

እግረ መንገዴን፦ ይህ ሁሉ ከ3 ደቂቃ በላይ ለሆነ ሥራ ነው። 30 ሰከንድ ስትፈተለክ መሃል ላይ ቁጥር መጠየቅ ዋጋ የለውም። እዚያ የሚታየው የመጨረሻው ድግግሞሽ ከመጀመሪያው ጋር በፍጥነት መቀራረቡ ብቻ ነው።

ቁጥር ወዳድ፦

እኔ በስሜት ብቻ መሄዱን አልደግፍም። ፓወር ሜትር አልልህም፣ ቃሌን እጠብቃለሁ፤ ግን ስሜቱ የሚዋሽባቸውን ቦታዎች እወቅ።

ካፌይን የድካም ስሜትን ይቀንሳል፤ ያው ጉልበት 7 የነበረው 6 ይመስላል። ከቡድን ጋር መንዳት፣ ሙዚቃ፣ የውድድር ጅማሮም እንደዚያው። በተቃራኒው የደከመ አእምሮ ስሜቱን ወደ ላይ ይሰቅለዋል። እ.ኤ.አ. በ2009 ሳሙኤሌ ማርኮራና ባልደረቦቹ ባወጡት ጥናት 90 ደቂቃ ትኩረት የሚጨርስ የኮምፒውተር ሥራ የሠሩ ሰዎች ከዚያ ሳይክል ላይ ሲወጡ ቶሎ አቆሙ። ልባቸው ላይ ይህን የሚያስረዳ ለውጥ አልነበረም፤ የተለወጠው ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ ከብዷቸው መታየቱ ነው። እንቅልፍ ያጣ ሰውም ተመሳሳይ ነገር ያያል። እና ማክሰኞ ማታ ከሥራ ወጥተህ የምትሰጠው 7 እሑድ ጠዋት ከምትሰጠው 7 ጋር አንድ ጉልበት አይደለም።

ስለዚህ ከስሜቱ ጎን አንድ የማይለወጥ ነገር ይኑርህ። ሁሌ የምትወጣው አንድ ዳገት፣ 10 ደቂቃ የሚፈጅ፣ በሰዓት ተይዞ። ያው ቁጥር ሆኖ ሰዓቱ ከረዘመ ደክመሃል ወይም ነፋስ ነው። ያው ሰዓት ሆኖ ቁጥሩ ከወረደ ጠንክረሃል። በጣት የደም ሥር ይዞ ልብ ምት መቁጠርም ይቻላል፤ ግን ከቆምክ በኋላ ምቱ በፍጥነት ስለሚወርድ ሁሌም አሳንሶ ነው የሚነግርህ።

ትንፋሽ፦

በአብዛኛው እስማማለሁ፣ አንድ ነገር ግን ልጨምር። አእምሮህ ደክሞ 3 መሆን የነበረበት ጉልበት 5 ከመሰለህ፣ ቀላል ቀን ከሆነ ስሜቱን ስማና ቀንስ። የቀላል ቀን ዓላማ ሳይደክሙ መመለስ ነው፤ 10 ዋት ቢጎድል የሚጠፋ ነገር የለም። ከባድ ቀን ከሆነ ግን 20 ደቂቃ ሙሉ ሳታሟሙቅ አትፍረድ። ብዙ ጊዜ የመጀመሪያዎቹ 10 ደቂቃዎች ይከብዱና ይለቁሃል። ከ20 ደቂቃ በኋላም 3 እንደ 5 ከሆነ ኢንተርቫሉን (በእረፍት የተከፋፈለውን ከባድ ሥራ) ለሌላ ቀን አዛውረው።

በረጅም መንዳት ደግሞ ልብ ምትም ያታልላል። በያው ጉልበት ሰዓቱ ሲገፋ ምቱ እየወጣ ይሄዳል፣ ሙቀት ካለና ፈሳሽ ካጎደልክ ይብሳል። በቤት ውስጥ ይህን የሚያባብሰው ነፋስ አለመኖሩ ነው፤ ላቡ ሳይተን ይንጠባጠባል፣ ሰውነት አይቀዘቅዝም። ያለ ማራገቢያ ትሬነር ላይ የሰጠኸውን ቁጥር ከመንገዱ ጋር አታወዳድረው። ትልቁን ማራገቢያ ፊት ለፊት ደረትህ ላይ አድርገው፣ ያኔ ቁጥሮቹ ይቀራረባሉ።

ዳገትና ሜዳ፦

የዳገቱ ጥያቄ ተረሳ። ጭን እየተቃጠለ ትንፋሽ ከተረጋጋ ጊርህ ከብዷል፣ ዙርህም ወርዷል ማለት ነው። ለተመሳሳይ ዋት 60 ዙር ስትነዳ በእያንዳንዱ ግፊት ፔዳሉን የምትጫነው ኃይል ከ90 ዙሩ በአንድ ተኩል እጥፍ ይበልጣል፤ ጭን የሚናገረው ያንን ነው። 90 ላይ ደግሞ ጭን ያርፍና ትንፋሽ ከፍ ይላል። ሁለቱን አትደባልቃቸው፤ ማስታወሻህ ላይ ሁለት ቁጥር ጻፍ፣ «ትንፋሽ 4፣ እግር 7» ብለህ። መንዳቱን የምትመጥነው በትንፋሹ ነው፣ ጊር የምትቀይረው በእግሩ። እግሩ ከትንፋሹ በ2 በልጦ ሁለት ደቂቃ ከቆየ አቅልል።

ግን ማቅለያ ጊር ሲያልቅስ? ሒሳቡን ተመልከተው። ፊት 34፣ ኋላ 28 ጥርስ፣ 60 ዙር፦ በሰዓት 9 ኪሎ ሜትር ገደማ። ሰውና ሳይክል 84 ኪሎ ቢሆኑ 10 በመቶ ዳገት ላይ ይህ 220 ዋት ገደማ ይጠይቃል። ለአንድ ሰዓት የሚይዘው 230 ለሆነ ሰው ያ በምንም መንገድ 3 አይሆንም፣ ቢፈልግም ባይፈልግም ገደቡ ላይ ነው። ኋላ 34 ጥርስ ቢኖረው በያው 60 ዙር ወደ 180 ዋት ይወርዳል። ያም 3 አይደለም፤ ቢሆንም በ5 ወጥቶ ይጨርሰዋል። የቅዳሜው «3 ሰዓት በ3» ላይ እንዲህ ያለ ዳገት ካለ ወይ ጊሩን ወይ መንገዱን ቀይር። «ዳገቱን በርትቼ አልፋለሁ፣ ቁልቁለቱ ላይ አርፋለሁ፣ አማካዩ 3 ይመጣል» የሚለው ስሌት አይሠራም፤ ያ ሌላ ልምምድ ነው።

ሮለር፦

ስለ 3 ሰዓቱ አንድ ልጨምር። ሦስተኛው ሰዓት ላይ በያው ፍጥነት 3 የነበረው 4 ቢሆን የሚጠበቅ ነው። በድንገት 6 ከሆነ፣ ራስህም ደነዝ ካለ፣ ስኳር አልቆብሃል። ከመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ጀምሮ በሰዓት ከ30 እስከ 60 ግራም ካርቦሃይድሬት ብትወስድ ይህ አይደርስም። ከዚያ በላይ፣ እስከ 90 ግራም፣ ሆድ የሚቀበለው ግሉኮስና ፍሩክቶስ ሲደባለቁ ነው፤ ያንንም ሆድ ሲለማመደው።

ማስታወሻ የምትይዝ ከሆነ የመላውን ልምምድ ቁጥር ከጨረስክ 30 ደቂቃ በኋላ ጻፍ፣ ከዚያ በደቂቃው አባዛው። 180 ደቂቃ በ3 ማለት 540፤ 75 ደቂቃ በ6 ማለት 450። ወዲያው ስትወርድ ከጻፍክ የመጨረሻውን ዳገት ነው የምትጽፈው። የሳምንቱን ድምር ካለፉት ሳምንታት ጋር አስተያይ፣ ከሌላ ሰው ጋር ግን አታስተያይ።

ለሚያነቡ ሌሎችም፦ ቤታ ብሎከር የሚባለውን የልብና የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ልብ ምቱ ስለሚታፈን የምት ዞኖች (በልብ ምት የተከፋፈሉ የጉልበት ደረጃዎች) አይሠሩለትም፤ ስሜትና የንግግር ፈተናው ለእሱ የተሻሉ ናቸው፣ ልኩን ከሐኪሙ ጋር ተነጋግሮ። የደረት ሕመም፣ ማዞር፣ ከተለመደው ውጭ የልብ መምታት ግን ስኬል ላይ የሚቀመጡ አይደሉም። ቁም፣ ታከም።

ካቴና11፦

ፕሮግራሙን የጻፈውን አሰልጣኝ ጠየቅሁት፣ ሲአር10 ነው አለኝ። 7ቱ ደግሞ አራተኛው ዙር ሲያልቅ የሚጠበቀው ቁጥር እንጂ ከመጀመሪያው ደቂቃ የሚያዝ አይደለም። የቅዳሜው 3ም በሱ ስኬል «መካከለኛ» ነው።

ሮለር፦

እንግዲያው እኔ 7፣ 7 ተኩል፣ 8፣ 9 ብዬ የጻፍኩትን በሱ ስኬል 5፣ 5 ተኩል፣ 6፣ 7 ብለህ አንብበው። ጊሩ አይለወጥም። የመጀመሪያውን ዙር «ከባድ» ብለህ ጨርስ፤ «በጣም ከባድ» የሚለው ቃል ከአራተኛው በፊት አፍህ ላይ ከመጣ ጊሩን አንድ ደረጃ አቅልል። የቅዳሜውን 3 ግን ከፊደሉ ጋር አመሳክረው፤ «መካከለኛ» የሚለው ቃል ለአንዳንድ ሰው ገደቡን ነክቶ ያርፋል። ሦስት ረድፍ ሳትጨነቅ ካልወጣ ቅዳሜን በ2 ተኩል ጀምር።